አላልቅ ያለው ብርድ ልብስ

ሰፈርተኛው ሁሉ «ጋሽ ዝም» ይለዋል። ፀጉር አስተካካይ ነው። የሙያ ጓደኞቹ ከእጃቸው ይልቅ አፋቸውን ሲያሠሩ ይውላሉ፤ እሱ ግን ደንበኛውን አስቀምጦ፣ ጨርቁን አንገቱ ላይ አስሮ፣ «እንዴት ይሁን?» ካለ በኋላ መስታወት ይዞ ማጅራቱን እስኪያሳየው ድረስ ትንፍሽ አይልም። ወሬ ያማረው ሰው መንገዱን ተሻግሮ ማዶ ያለው ፀጉር ቤት ይገባል። ራሱን የሚያመው፣ ከአለቃው ጋር ተጨቃጭቆ የወጣ፣ ሥራ አድሮ እንቅልፍ የሚጥለው ሁሉ ወደ ጋሽ ዝም ይመጣል። ወንበሩ ላይ ለጥ ብሎ ተኝቶ፣ ሲነቃ ተስተካክሎ የሚሄድ ደንበኛ ሞልቷል።

ቤት ሲገባም ያው ነው። ሚስቱ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናት። ቀኑን ሙሉ ፊደል ስታስጮህ ውላ ድምጿ ተዘግቶ ስትመጣ፣ ባሏ ሶፋው ጥግ ተቀምጦ ኳስ ያያል። ኳስ የሌለ ቀን የትናንቱን ኳስ ያያል። ተጣልተው አያውቁም፤ ለመጣላትም እኮ መነጋገር ያስፈልጋል። ቤቱን በወሬ የምትሞላው ልጃቸው ነበረች። አንድ ናት። ገና ጫማዋን በር ላይ ሳታወልቅ የቀኑን ወሬ ትጀምራለች፤ አለቃዋ እንዴት እንደሚያስነጥስ፣ አብረዋት የሚሠሩት በምን እንደተኮራረፉ እያስመሰለች ታሳያለች። እናት እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች፣ አባት በአፍንጫው ይስቃል። ባልና ሚስቱ የሚነጋገሩት በሷ በኩል ነበር ቢባል ውሸት አይሆንም። «አባትሽ ሻይ ይፈልግ እንደሆነ ጠይቂው» ትላለች እናት፣ አባት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጦ።

ልጅቷ ቀያሽ ናት። መንገድ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ባለ ሦስት እግር መሣሪያዋን ተሸክማ ፀሐይ ላይ ቆማ ትውላለች። ድርጅቱ ቢሮውን ወደ ከተማው ሌላኛው ጫፍ ሲያዛውር፣ ጠዋት ማታ በሁለት አውቶቡስ መንገላታቱ አንገሸገሻትና አንድ ቀን እራት ላይ እዚያው አካባቢ ቤት መከራየቷን ነገረቻቸው። ቁልፉን የምትረከበው ትምህርት ቤት ለእረፍት ተዘግቶ እንደገና ሊከፈት ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ነው። እናት «ጥሩ ነው፣ ድካሙ ይቀርልሻል» አለች። አባት ራሱን ነቀነቀ። ሁለቱም የየራሳቸውን ሳህን ነበር የሚያዩት።

በነጋታው መምህርቷ ከክር ሱቅ ትልቅ ከረጢት አንጠልጥላ ገባች። ጥቁር ሰማያዊ፣ ፈዘዝ ያለ ግራጫና የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ወፍራም የሱፍ ክር። ለልጄ ብርድ ልብስ በኪሮሽ እሠራላታለሁ፣ ከሱ ጋር የሚሄድ የሶፋ ትራስም እጨምርላታለሁ፣ ባዶ ቤት ስትገባ ቢያንስ የሚያሞቃት ነገር ይኖራታል አለች። ኪሮሽ ላይ እጇ የታወቀ ነው። ስብሰባ ላይ ሆና፣ ወረፋ ይዛ፣ ቆማ ሰው እየጠበቀች ትሠራለች፤ ሥራውን ሳታየው ነው ጣቶቿ የሚሮጡት። ሦስቱ ቀለማት እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ እያሉ እንዲሄዱ አስባ ጀመረችና ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል ብርድ ልብሱ ጉልበት የሚሸፍን ያህል ደርሶ ነበር።

ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሳምንት፣ የክፍሏን ሥዕሎች ከግድግዳ አንስታ ስትወርድ፣ የታጠበ ደረጃ ላይ አዳለጣት። በቀኝ እጇ ነበር የተመረኮዘችው። አንጓዋ ላይ ተሰብሮ ጄሶ ታሰረላት።

ከስብራቱ ይልቅ ያንገበገባት የብርድ ልብሱ ነገር ነው። ልጅቷ ልታጽናናት ብላ «ግድ የለም እማዬ፣ አንድ እገዛለሁ» ስትል ነገሩን አባባሰችው። እናቷ «እገዛለሁ» የምትለውን ቃል እንደ ስድብ ቆጠረቻት። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ የክሩን ቅርጫት እግሯ ሥር አስቀምጣ፣ የታሰረውን እጇን ጭኗ ላይ አጋድማ ማየት ብቻ ሆነ ሥራዋ።

አንድ ማታ ጨዋታው ለእረፍት ሲቆም ጋሽ ዝም ከሶፋው ጥግ ተንፏቀቀና አጠገቧ መጣ።

«እስቲ አሳዪኝ» አላት።

ጄሶ የታሰረውን እጇን ዘረጋችለት።

«እጅሽን አይደለም» አለና ከቅርጫቱ ውስጥ የኪሮሽ መርፌውን አነሳ። «ይሄን።»

መጀመሪያ የሚቀልድ መስሏት ነበር። እሱ ግን የሚቀልድ ሰው አይደለም። መርፌውን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ የታጠፈውን ጫፉን አፍንጫው ድረስ አቅርቦ አንዴ አገላብጦ አየውና ክሩን በግራ እጁ ጣት ላይ ጠመጠመ። መምህርቷ ተቃንታ ተቀመጠች። ተማሪዎቿን ስታስተምር የምታወጣው፣ ቀስ ያለና ለእምቢታ ቦታ የማይሰጥ ድምፅ አላት፤ እሱን አወጣች። በክሩ ዐይን አስገባ፣ ክሩን ያዝ፣ ሳብ፣ አሁን በሁለቱ አሳልፍ። እርሳስ እንደምትይዝ አድርገህ ያዘው። እሱ ግን እርሳስ ከያዘ ብዙ ጊዜው ነውና እንደ መቀስ ያዘው። የኳሱ ሁለተኛ አጋማሽ ተጀምሮ ያለቀው እነሱ የመጀመሪያዋን መስመር ሳይጨርሱ ነው።

እጁ ጎበዝ ነበር፤ ችግሩ ማጥበቁ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሰው አንገት ላይ ጨርቅ ሲያስር የኖረ ሰው ክር ሲያገኝ አንቆ ነው የሚይዘው። ሳምንት ሳይሞላ ብርድ ልብሱ እሱ ከጀመረበት ጀምሮ እየጠበበ፣ ወገቧን ሸብ ያደረገች ሴት መሰለ። መምህርቷ በግራ እጇ ዘርግታ አየችና ተርትረው አለችው። ተረተረው። እንደገና ሠራው፣ እንደገና ጠበበ። እንደገና ተርትረው። አንድ ሰው ፊቱን ሳያጠቁር ይህን ያህል ጊዜ ሲተረትር ዐይታ አታውቅም ነበርና ገረማት። በስተመጨረሻ ትንሽ ጠበብ ማለቱን እያየች አለፈችው።

የሚገርመው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እጁ ሲያዝ አፉ ተፈታ። ዐይኑ ክሩ ላይ ስለሆነ፣ የሚያናግረውን ሰው ማየት ስለሌለበት ይሁን፣ ብቻ አንድ መስመር ሠርቶ ሲያዞር አንድ ወሬ ጣል ያደርጋል። ራሱ መላጣ ሆኖ ሳለ በየሳምንቱ እየመጣ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሽማግሌ እንዳለ፣ እሱም ምንም ሳይለው መቀሱን አየር ላይ ብቻ እያንኳኳ ባዶውን አናት ዙሪያውን እንደሚዞርለት ነገራት። ወንበሩ ላይ ተኝቶ በህልሙ የሚያለቅስ ሹፌር እንዳለ ነገራት። እሷም በተራዋ ስለ ተማሪዎቿ ታወራለታለች፤ ስምንት ቁጥርን ወገቧን ያማታል ብሎ አስተኝቶ የሚጽፋት አንድ ተማሪ ነበራት። ጋሽ ዝም ያን ማታ በአፍንጫው ሳይሆን በአፉ ሳቀ፤ ልጅቷ ከመኝታ ክፍሏ አንገቷን ብቅ አድርጋ ምን ሆናችሁ ብላ እስክትጠይቅ ድረስ።

ጥቂት ቆይቶ የክር ልቃቂት ይዞ ፀጉር ቤት መሄድ ጀመረ። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት እጁን ለማፍታታት ትንንሽ አራት ማዕዘን ይሠራል። የመጀመሪያ ቀን ያየው የታክሲ ሹፌር መስታወቱ ውስጥ ዐይኑን አፍጥጦ ቆየና ለመኪናዬ የወንበር ልብስ ትሠራልኛለህ ወይ ብሎ ቀለደ። ጋሽ ዝም ምን ዓይነት ቀለም እንደሚፈልግ ጠየቀው። ሹፌሩ ዞሮ ልቃቂቱን አየው። ከዚያ ወዲያ የቀለደ የለም።

ጄሶው ተፈታ። እጇ ከስቶና ገርጥቶ ወጣና ለሁለት ሳምንት ፊዚዮቴራፒ ተመላለሰች። መጥበሻ ማንሳት፣ በር መክፈት ቻለች። ኪሮሹን ግን ስትይዝ ፊቷን ታኮማትራለች። ማንሳቱን አነሳለሁ፣ ጥቃቅን ሥራ ነው እምቢ ያለኝ፤ ስትል ጋሽ ዝም መርፌውን ከእጇ ቀስ አድርጎ ይቀበላታል። አትቸኩዪ፣ እኔ አለሁ ይላታል። እሷ የክሩን ዐይኖች ትቆጥራለች፣ እሱ ይሠራል። አንድ ማታ ኳሱን ማን አሸነፈ ብላ ጠየቀችው፤ ለካ ቴሌቪዥኑም አልተከፈተም።

እንዲህ እያሉ ሳለ አንድ ከሰዓት በኋላ ፀጉር ቤቱ ውስጥ አዲስ ደንበኛ ገባ። ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ እጁ ትልልቅ የሆነ ጎልማሳ ነው። ጋሽ ዝም ግማሽ ራሱን በቶንዶስ አንስቶ ወደ ግማሹ ሲዞር ሰውዬው መደርደሪያው ላይ ከአልኮሉ ጠርሙስ ጎን የተቀመጠውን ልቃቂት ዐየ። ማን ነው የሚሠራው ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ዝም እንደ ልማዱ በሁለት ቃል ሊያልፈው ፈልጎ ነበር፤ ግን የኪሮሽ ነገር ሲነሳበት ወሬ እየቀናው መጥቷልና ሚስቱ አስተማሪ መሆኗን፣ እጇ መሰበሩን፣ ለልጃቸው የሚሠሩትን ብርድ ልብስ ነገረው።

ሰውዬው ፊቱ በራ። «የአንደኛ ክፍሏ መምህርት? እኔ እኮ ነኝ እጇን ፊዚዮቴራፒ ያሠራኋት። እንዴት ናት? በጣም ጎበዝ ናት። የመጨረሻ ቀን እዚያው ፊቴ ኪሮሽ ሠርታ አሳየችኝ፣ ጣቶቿ አይታዩም ነበር። ከዚህ በላይ እኔ ጋ የምትመጪበት ምክንያት የለም ብያት ተሰናበትን። ሁለት ሳምንት አልፎታል።»

ቶንዶሱ አየር ላይ ቀረ። ደንበኛው በመስታወቱ ውስጥ ግማሽ የተላጨ ግማሽ ያልተላጨ ራሱን ጥቂት ሲያይ ቆየና ጨረስክ እንዴ ብሎ በትሕትና ጠየቀ። ጋሽ ዝም ቀጠለ። ካሰበው በላይ አሳጠረው። ሰውዬው ማጅራቱን በመዳፉ እየዳበሰ ከወጣ በኋላ ወንበሩ ላይ ራሱ ተቀመጠና ዐሰበ።

ሁለት ሳምንት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዐይኑ እስኪቀላ፣ የጠቋሚ ጣቱ ጫፍ እስኪሻክር የሠራው ለምንድን ነው? ትሳለቅበት ነበር? ከእህቶቿ ጋር በስልክ ስትስቅ የምትስቀው በሱ ይሆን? ያን ቀን በጊዜ ዘጋ። መንገድ ላይ የሚላትን ነገር እያዘጋጀ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሄደ፤ ሰላም ያሉትን ሰዎችም አላያቸውም።

ቤታቸው ምድር ወለል ላይ ነው፤ የሳሎኑ መስኮት ወደ መንገዱ ያያል። መጋረጃው ተከፍቶ ነበር። ሚስቱ ብርድ ልብሱን ጭኗ ላይ ዘርግታ ትናንት ማታ የሠራውን መስመር ዐይን በዐይን ትፈትሻለች። አንድ ቦታ ቆመች፤ የጣለው ዐይን አለ ማለት ነው። በቀኝ እጇ መርፌውን አንስታ፣ ሰው «እፍ» ሲል ሻማ በሚጠፋበት ፍጥነት አስተካከለችውና መርፌውን እሱ ሰክቶት በነበረበት ቦታ መልሳ ሰካችው። ብርድ ልብሱን እንደነበረ አጥፋ ቅርጫቱ ውስጥ ከተተች። ተነስታ የቁም መብራቱን እሱ ወደሚቀመጥበት በኩል አስጠጋች። ክሩን ከሥር ትንሽ ፈታ ፈታ አደረገች፣ እንዳያስቸግረው። መስታወት ፊት ቆማ ፀጉሯን ነካ ነካ አደረገች። ከዚያ ቀኝ እጇን ጭኗ ላይ አጋድማ ተቀመጠችና በሩን ማየት ጀመረች።

ጋሽ ዝም ደጃፍ ላይ ትንሽ ቆየ። ያዘጋጀው ንግግር እዚያው ቀረ። ሲገባ «ዛሬ በጊዜ መጣህ» አለች፤ ፊቷ ላይ ያለውን ደስታ ለመደበቅ ጊዜ አላገኘችም። እሱም እጁን ታጥቦ መጥቶ ተቀመጠና የት ነበርን አላት።

ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ብርድ ልብሱ አላልቅ ያለው። ጋሽ ዝም ተምሮ እንዳልጨረሰ ሰው ዐይን ይጥል ጀመር። ትናንት በደንብ ያለፈውን ቦታ ዛሬ ይሳሳታል፤ እሷም ምንም ሳትል ትቆጥርለታለች፤ አንድ ላይ ይተረትራሉ። በዚህ መሐል ደግሞ ርዝመቱ ላይ መጨመር መጣ። ልጅቷ ረጅም ናት፣ እግሯ ይወጣል አለ እሱ። እውነትህን ነው፣ ትንሽ እንጨምርበት አለች እሷ። ክር አለቀ፣ ሌላ ተገዛ። በአንድ በኩል ይተረተራል፣ በሌላ በኩል ይረዝማል።

የምትሄድበት ቀን ደረሰ። ጎረቤታቸው ፒክአፕ መኪናውን አዋሳቸውና ፍራሿን፣ ሻንጣዋን፣ ባለ ሦስት እግር መሣሪያዋን ጫኑ። ልጅቷ ቅርጫቱን ዐየችና ብርድ ልብሴስ አለች። በሚቀጥለው ሳምንት ይደርሳል አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ። ያን ማታ እናት ከቁም ሳጥኑ ሦስት ሳህን አውጥታ አንዱን መለሰች። አባት ሳህኑን መልሳ ስታስቀምጥ ዐይቶ እንዳላየ ሆነ። በሉና ሳህኖቹን አነሱና፣ ቤቱ ጭር ከማለቱ በፊት ቅርጫቱን ሳቡ።

የሚቀጥለው ሳምንት አለፈ፤ ሌላውም። ልጅቷ ስትደውል ጠርዙ ነው የቀረው ይሏታል። ስትደውል ትራሱ ገና ነው ይሏታል። እንደ መንገድ ሥራ ተቋራጭ ሆናችሁ ብላ ሳቀችባቸው።

ከዚያ አየሩ ዞረ። ነፋስ ያለበት ዝናብ ወረደ፣ ጠዋት ጠዋት መስታወት ላይ ጉም ይዘረጋ ጀመር። አንድ ማታ ስልኩን ጋሽ ዝም አነሳው። ቤቱ እንዴት ነው አላት። ጥሩ ነው አለች፤ ብርዱ ብቻ ነው፣ መስኮቱ በደንብ አይገጥምም። «ግን አትጨነቅ አባዬ፣ ካፖርቴን ለብሼ ነው የምተኛው» አለችው እየሳቀች።

ስልኩን ዘጋና ቆመ።

«ምን አለች?» አለች መምህርቷ።

«ካፖርት ለብሳ ነው የምትተኛው።»

እሷም መርፌውን ዐየች። ብርድ ልብሱ ሁለቱንም ጭን ሸፍኖ፣ ከሶፋው ወርዶ፣ ምንጣፉ ላይ ተከምሮ ነበር። አንድ ሰው ቀርቶ ሦስት ሰው ያሞቃል። ጋሽ ዝም ወደ በሩ ሄደና ከጃኬቱ ኪስ ውስጥ አንድ ሌላ የኪሮሽ መርፌ አውጥቶ መጣ። አዲስ ነው፣ ወረቀቱም አልተነሳለትም። ፊቷ ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠላት።

«አንቺም ያዢ» አላት።

«እጄን እኮ…»

«ድኗል።»

ፊቷ ከአንገቷ ጀምሮ ሞቀ። «ማን ነገረህ?»

«ሐኪምሽን ፀጉሩን አስተካክዬው ነበር። ቆየ።»

«ቆየ? ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ስሜ እኮ ነው» አላት።

ልትስቅ ፈልጋ አልወጣላትም። ክሩን ጣቷ ላይ ጠቅልላ ፈታች፣ ጠቅልላ ፈታች። አንደኛ ክፍል ተማሪ ጥፋቱ ሲደረስበት እንደሚያደርገው። «ካለቀ ወደ ጥግህ ትመለሳለህ ብዬ ነው» አለች በመጨረሻ። «ልጅቷም ሄደች። እኔና አንተ ምን እናወራለን?»

ጋሽ ዝም አጠገቧ ቁጭ አለ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣበት ኮቱን አንስቶ ወደ ደጅ የሚወጣ ሰው ነበር። «እኔም እኮ ሆን ብዬ ነው ዐይን የምጥለው» አላት። «ይሄን ያህል ደደብ አይደለሁም።»

«ዐውቃለሁ» አለች።

«ታውቂያለሽ?»

«ሙሉ መስመር ዘለህ ስታልፍ የማላይ መሰለህ? እኔ አስተማሪ ነኝ። የማይችልና የማይፈልግ ተማሪ ለይቼ ዐውቃለሁ።»

አሁን ሁለቱም ሳቁ። ስቀው ሲያበቁ ደግሞ ትንሽ ዐፈሩ፤ ካፖርት ለብሳ የምትተኛዋ ልጅ ትዝ አለቻቸው።

ያን ሳምንት እንደ ሰው ሠሩ። ብርድ ልብሱን አልጋ ላይ ዘርግተው፣ እሱ ከአንዱ ማዕዘን፣ እሷ ከተቃራኒው ማዕዘን ጠርዙን በጥቁር ሰማያዊ ጀመሩ። በመጀመሪያው ማታ እሷ ሁለት ጎን ጨርሳ ሦስተኛው ላይ አገኘችው። ትራሱን ተካፈሉት፤ አንዱን ፊት እሱ፣ ሌላውን ፊት እሷ። የሷ ፊት ለስላሳና ልል ነው፣ የሱ ፊት ግን ቢጠቀጥቁት የማይበሳ፣ ከበሮ የመሰለ። መጠናቸው አልገጠመም። የሱን እንዲተረትረው ልታዘው አፏን ከፈተችና ተወችው፤ ራሷ ትንሽ መስመር ቀንሳ ከሱ ጋር አስተካከለችና ሁለቱን ፊት ገጥማ በብርቱካኑ ክር ዙሪያውን ሰፋችው። አንዱን ጎን ለቁልፍ ተወችለት። ቁልፎቹን ጋሽ ዝም ከአሮጌ የሥራ ጋዋኑ ላይ ቆርጦ አመጣ።

እሑድ ጠዋት ተሸክመው ወጡ። ብርድ ልብሱ ከረጢት ውስጥ አልገባ ስላለ በገመድ አስረው ነው የያዙት። አውቶቡስ ውስጥ የሚቀመጡበት ወንበር አገኙ፣ ለብርድ ልብሱ ግን አልተገኘለትም፤ ጭናቸው ላይ ሲያስቀምጡት መንገዱም ሾፌሩም አልታይ አላቸው። ፊት ለፊታቸው የቆሙ አንዲት ሴትዮ ዳበስ ዳበስ አደረጉትና የቱ ገበያ ነው የተገኘ ብለው ጠየቁ። መምህርቷ መልስ ልትሰጥ ስትል ባሏ ቀደማትና እኛ ነን የሠራነው አላቸው። ከዚያም ስለ ጠርዙ አሠራር ሴትዮዋ እስኪወርዱ ድረስ አስረዳቸው። ሚስቱ በመስኮት እያየች ከንፈሯን ነከሰች።

የልጅቷ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ነው። ፍራሹ መሬት ላይ፣ መጻሕፍቷ ካርቶን ውስጥ፣ መጋረጃ በሌለው መስኮት ጠርዝ ላይ ጋዜጣ ተወትፎ። ገመዱን ፈትተው ሲዘረጉት ብርድ ልብሱ ፍራሹን ሸፍኖ፣ ወለሉ ላይ ወርዶ፣ እየተንከባለለ በሩ ጋ ደረሰ። ልጅቷ ጥግ ላይ ቆማ አፏን ይዛ አየችው።

«ይሄ ብርድ ልብስ ነው አስፋልት?» አለች።

ከዚያ ዝም ብላ ልትተወው አልቻለችም፤ ሥራዋ ነውና የብረት ሜትሯን ከቦርሳዋ አወጣች። ከላይ ለካች፣ ከመሐል ለካች፣ ከታች ለካች። ከላይ የተስተካከለ ነው፤ እዚህ ጋ ድንገት ይጠባል፣ ወደታች ሲሄድ ደግሞ እየሰፋ ይመጣል አለችና የሚጠብበት ቦታ ላይ ተንበርክካ ማዕበሎቹን በጣቷ ተከተለቻቸው። «እዚህ ጋ ነው አባዬ የጀመርከው» አለችው። ጥያቄ አልነበረም። መዳፏን እዚያው ላይ አሳረፈች። እሱ ወደ መስኮቱ ዞረና መጋጠሚያውን መነካካት ጀመረ።

ሁለት ሰው ሆናችሁ ለምን ይህን ያህል ቆየ ብላ ስትጠይቃቸው እናት አባትሽ እጁ ቀስ ይላል አለች። አባት እናትሽ ማስተረተር ታበዛለች አለ። እናት ክሩን ያላጠበቀ ሰው አይተረትርም አለች። አባት ባላጠብቅ ኖሮ ትራሱ እንዲህ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር ወይ ብሎ አንስቶ አሳየ። እናት ቀምታው ገለበጠችና የኔን ፊት ዳብሺው፣ ለጉንጭ የሚሆነው የቱ ነው አለች። አንዱ ሳይጨርስ አንዱ እየጀመረ፣ መላጣው ሽማግሌም፣ ስምንት ቁጥርም፣ የአውቶቡሷ ሴትዮም ገቡበት። ልጅቷ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠች። አንድ ሁለቴ የቢሮዋን ወሬ ልትነግራቸው አፏን ከፍታ ነበር፤ ክፍተት አጣች። አንዴ ወደ እናቷ፣ አንዴ ወደ አባቷ ስታይ ቆየችና ሾርባ ላሙቅ ብላ ተነሳች። እየሳቀች እንደሆነ ጋሽ ዝም ከጀርባዋ አወቀ።

ሾርባውን ጠጡ፣ አባት መስኮቱን በቆራጣ ጎማ ጠበቅ አድርጎ ዘጋላት፣ እናት ካርቶኖቹን ፈትታ መጻሕፍቷን ደረደረች። ሲወጡ ልጅቷ ደረጃው ድረስ ሸኘቻቸው፤ ብርድ ልብሱን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ የተረፈው ከኋላዋ ደረጃ በደረጃ እየተጎተተ።

ፌርማታው ላይ ብዙ ቆሙ። አውቶቡስ የለም። በማግስቱ ትምህርት ቤት ይከፈታልና መምህርቷ ስለ አዲሶቹ ልጆች ማውራት ጀመረች፤ መጀመሪያ ቀን ሁልጊዜ የሚያለቅስ አንድ ይኖራል፣ እሱ ሲያለቅስ ሌላው ይከተላል፣ ክፍሉ በሙሉ ሲያለቅስ ምን እንደምታደርግ ነገረችው። እሱም ፀጉሩን የመጀመሪያ ጊዜ የሚቆረጥ ሕፃን ሲያለቅስ እናቱም አብራ እንደምታለቅስ ነገራት። ቁሞ ከመጠበቅ እስከሚቀጥለው ፌርማታ በእግራችን እንሂድ አሉና ጀመሩ። መንገዱ ገና በዝናብ እንደረጠበ ነው። እሷ ክንዱን ይዛ ኩሬውን ኩሬውን ታዘልለዋለች፣ እሱ ወሬውን ሳያቋርጥ ይዘላል። አውቶቡሱ ከኋላቸው መጥቶ አጠገባቸው ሲያልፍ ውኃ ረጨባቸው። ጋሽ ዝም ሱሪውን አራገፈ፤ አውቶቡሱ ራቅ ብሎ ታጥፎ ሲጠፋ ደግሞ የነሱው እንደነበረ ገባቸው።

«እና ሕፃኑስ?» አለች መምህርቷ። «ሁለቱም እያለቀሱ እንዴት አድርገህ ቆረጥከው?»

ነገራት።